ሠርጉን የሚያስነሣው የካሴት ዘመን ዘፈን

ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ በጉለሌ ድንኳን ተጥሎ ሠርግ በተደገሰበት ሁሉ አንድ የማይስት ነገር አለ። ዲጄው የዘንድሮውን ዘፈን ሲለቅ ወጣቶቹ ይነሣሉ። የውጭውን ሲለቅ ከወጣቶቹም ጥቂቶቹ ይነሣሉ። ከአርባ ዓመት በፊት በካሴት የወጣ ሞቅ ያለ የአማርኛ ዘፈን ሲለቅ ግን አያትም፣ ሙሽራም፣ ሚዜም፣ ወጥ ስትጨልፍ የነበረችውም አብረው ይነሣሉ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ «ትዝታ ነው፤ ሰው የወጣትነቱን ዘፈን ይወዳል» የሚል ነው። ይህ መልስ ለአያትየው ይሠራ ይሆናል፤ ለልጅ ልጁ ግን አይሠራም። ካሴት በእጁ ይዞ የማያውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ስለዚያ ዘመን ምን ትዝታ አለው? እናቱ እንኳ ዘፈኑ ሲወጣ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። ስለዚህ ምክንያቱን ከሰሚው ዕድሜ ሳይሆን ከዘፈኑ ከራሱ መፈለግ ይኖርብናል። የካሴት ዘመን ዘፈን ሰውን የሚያስነሣው አሮጌ ስለሆነ አይደለም። በሚገባ የተሠራ፣ ለሰውነት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ነው። የሚገባውን ክብር ሳያገኝ መቅረቱም አሠራሩን ልብ ብሎ የሚያይለት ስለጠፋ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስተዋውቅ። ፈረንጆቹ «ኤይቲስ» የሚሉት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1982 ዓ.ም. ግድም ያለው ነው። ሸክላ መታተም ያቆመው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ሁሉ በካሴት ወጣ። ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ሐመልማል አባተ የገነኑት በዚህ ጊዜ ነው፤ መሐሙድ አህመድና ጥላሁን ገሠሠም ከሸክላው ዘመን ተሻግረው በካሴትም ነግሠዋል። ከጀርባቸው የሮሃ ባንድ፣ የዋልያስ ባንድና የኢትዮ ስታር ባንድ ነበሩ። ቅንብሩ ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ተቀባዮች ነው። ዜማው እንደ ወትሮው በአምስት ድምፅ ቅኝት፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺ ሆዬ ይሄዳል። ይህን የሚያውቀው ብዙ ሰው ስለሆነ እዚህ ላይ አልቆይም። መቆየት የሚገባው ምቱ ላይ ነው፤ ሙዚቀኞቹ ችክችካ የሚሉት።

ችክችካ በአንድ ዙር ስድስት ትንንሽ ምቶች አሉት። አንባቢ ሆይ፣ ይህን በጠረጴዛ ላይ መሞከር ይቻላል። ከአንድ እስከ ስድስት ደጋግማችሁ ሳታቋርጡ ቁጠሩ። መጀመሪያ አንድና አራት ላይ ብቻ አጨብጭቡ፤ ዙሩ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ሦስት ምት ይይዛል። ቀጥላችሁ ቆጠራውን ሳታፈጥኑና ሳታዘገዩ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ አጨብጭቡ፤ ያው ዙር አሁን ለሦስት ተከፍሏል፣ እያንዳንዱም ሁለት ሁለት ምት ይዟል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዙር ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ጥሩ የካሴት ዘመን ዘፈን በዚህ ላይ የተገነባ ነው። የሠርገኛው ጭብጨባና የድራሙ ትልቁ ምት በሁለት ይሄዳሉ፤ ጊታሩ ወይም ኪቦርዱ ደግሞ አልፎ አልፎ በሦስት ይመልሳል፤ ዘፋኙ እንደ ስንኙ አካሄድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጆሮ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለማየት እየጠበቀ ሳለ ሰውነት መልሱን ይሰጣል፤ እግር ትልቁን ይይዛል፣ ትከሻ ትንንሾቹን ይለቅማል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ በእግሩ ድሩን እየከፈተ በእጁ መወርወሪያውን እንደሚያሳልፈው፣ ጨፋሪውም እግሩና ትከሻው የየራሳቸውን ሥራ እየሠሩ አንድ ጨርቅ ይሸምናሉ። እስክስታ የሚችል ሰው ይህን በቃል አይናገረውም እንጂ ሰውነቱ አሳምሮ ያውቀዋል።

ይህን ከውጭው የዘመኑ ዘፈን ጋር ማስተያየት ነገሩን ያጠራዋል። ማይክል ጃክሰን «ትሪለር»ን ያወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማዶና ተከተለች፤ ዊትኒ ሂውስተን በ1987 ዓለምን ያስጨፈረችበትን ዘፈን አወጣች። እነዚህ እጅግ የተዋጣላቸው ሥራዎች ናቸው፤ ማንም ሊያቃልላቸው አይገባም። ምታቸው ግን አራት ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እያንዳንዱ እኩል፣ ድራሙ ሁሉንም በግልጽ እየመታ። ጥበባቸው በምቱ ላይ የሚጫወተው ቤዝና የዜማው አወጣጥ ላይ ነው። የእኛው ዘፈን ጥበቡን ምቱ ውስጥ አስቀመጠ። ስለዚህ «የዚያ ዘመን የአማርኛ ዘፈን የዲስኮ ቅጂ ነው» የሚለው፣ በየውይይቱ እንደተረጋገጠ ነገር የሚነሣው አባባል፣ ከሥር መሠረቱ የተሳሳተ ነው። ከዲስኮ የተወሰደው መሣሪያውና ልብሱ ነው። ኪቦርዱ ከጃፓን መጣ፣ የተነፋው ጸጉር ከአሜሪካ መጣ፤ ምቱ ግን ከከበሮ ነው የመጣው። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ፊት ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። የድራም ተጫዋቹ ወፍራሙን በእግሩ ለሚመታው ትልቅ ድራም፣ ቀጭኑን በእጁ ለሚመታቸው ሰጠ። ማለትም የከበሮውን ሁለት ፊት ለአራት እጅና እግር አከፋፈለ። ይህ መቅዳት ሳይሆን የራስን ነገር በአዲስ መሣሪያ ላይ መጻፍ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ነገር በጉለሌ ሠርግ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ማየት ነው። የውጭው ዘፈን እየተዘፈነ መብራት ቢጠፋ ጭፈራው ይቆማል፤ ሰው ወደ ወንበሩ ይመለሳል። የካሴት ዘመኑ ዘፈን ላይ ከሆነ ግን ሴቶቹ ከበሮውን ያነሣሉ፣ እዚያው ምት ላይ ይገባሉ፣ ጨፋሪውም እርምጃ ሳይለውጥ ይቀጥላል። ዘፈኑና ከበሮው አንድ አካሄድ ስላላቸው አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛል። ዲስኮ ቢሆን ይህ ባልሆነ ነበር።

እዚህ ላይ ለዲጄዎቻችን አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የዚያን ዘመን ዘፈን «ሪሚክስ» እያሉ ከሥሩ አራት ምት የሚደበድብ የኮምፒውተር ድራም የሚጨምሩ በዝተዋል። ስድስቱ ምት በአራቱ ድብደባ ሲዋጥ ለሁለትና ለሦስት መከፈሉ ይጠፋል፤ ትከሻው የሚለቅመው ያጣል፤ የሚቀረው መዝለል ብቻ ነው። ሰው ሲዘል አይታችሁ «ወደዱት» ብላችሁ አትታለሉ፤ ሰው በሠርግ ላይ ለማንኛውም ነገር ይዘልላል። ሌላው ጥፋት ደግሞ ዘፈኑን አንድ አዝማች አሰምቶ በመሐል ቆርጦ ወደ ሌላው መዝለል ነው። ይህ የዘፈኑን ሁለተኛ ምስጢር፣ ርዝመቱን፣ ያበላሻል።

ርዝመቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በሸክላው ዘመን፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የሸክላ ሥራውን ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ ዘፈን በትንሿ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ሦስት አራት ደቂቃ ካለፈ ቦታ የለም። የስድሳ ደቂቃ ካሴት ግን በአንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ይሰጣል። አምስት ዘፈን በአንድ ገጽ፣ አምስት በሌላው ካልን ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህ ትርፍ ደቂቃ ዘፈኑን ለወጠው። መግቢያው ተንዠረገገ፤ ተቀባዮቹ አዝማቹን ደጋግመው መመለስ ቻሉ፤ ከመሐል ለሳክስፎን ወይም ለጊታር ሜዳ ተከፈተ፤ መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ምቱን ብቻ ይዞ ሰውን እያነሣሣ የሚሄድበት ክፍል ተጨመረ። ጨፋሪው የሚሞቀው በመጀመሪያው ደቂቃ አይደለም፤ ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋል፣ አጠገቡ ካለው ጋር ለመገጣጠም ጊዜ ይፈልጋል፣ ትከሻው እስኪፈታ ጊዜ ይፈልጋል። የካሴቱ ዘፈን ይህን ጊዜ ይሰጠዋል። ልብ ብሎ ላዳመጠው፣ የብዙዎቹ ዘፈኖች ከፍታ ከግማሽ በኋላ ነው ያለው፤ ዲጄው የሚቆርጠው ደግሞ ልክ ከዚያ በፊት ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሙዚቃን ከሚወዱና ከሚያውቁ ሰዎች የሚመጣው ነው። እነሱ የሚሉት የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ አብዮቱ ማግስት ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሕይወት ዘጋ፣ ሳንሱሩ ግጥሙን አደነዘዘ፣ ታላላቆቹ ተሰደዱ፣ ኪቦርዱም ጥሩምባውን ገፋ። ይህን አስተያየት ያጠናከረው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፈረንሳይ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ነው። ስብስቡ ውለታው ታላቅ ነው፤ ሊጠፋ የነበረን ሙዚቃ ለዓለም ጆሮ አድርሷል። በዋናነት ያተኮረው ግን በሸክላው ዘመን ላይ ስለነበር፣ የውጭ አድማጭም በኋላም የአገሬው ወጣት «ከዚያ ወዲያ ያለው አይረባም» ብሎ እንዲደመድም በር ከፍቷል። አንድ ዘመን በደንብ ስለተሰበሰበ ሌላው ባዶ ነበር ማለት አይደለም፤ አልተሰበሰበም ማለት ነው። የሰዎቹ ታሪክም ይህን መቁረጫ መስመር አይቀበልም። የሮሃ ባንድ ድንገት የበቀለ አይደለም፤ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው የአይቤክስ ባንድ ነው ስሙን የለወጠው። መሐሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ»ን በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው ከዚሁ አይቤክስ ጋር ነው፤ ያው ሥራ በ1986 ብራስልስ ላይ ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ የከፈተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ሆነ። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎን፤ እነዚህ እጆች ናቸው ሁለቱንም ዘመን የተጫወቱት። እጁ አንድ ሆኖ ሳለ ወርቁ በአንድ ሌሊት መዳብ ሊሆን አይችልም።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ወቀሳ አለ፤ «ሁሉም ካሴት አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ አንድ ባንድ ነዋ ለሁሉም የሚጫወተው» የሚል። እውነት ነው፤ ሮሃ ባንድ ያጀባቸው ካሴቶች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ ግን ነውር ሳይሆን ጥንካሬ ነው። በአሜሪካ ዲትሮይት የሞታውን ኩባንያ ዘፋኞቹን ሁሉ በአንድ የሙዚቀኞች ቡድን እያሳጀበ ዓለምን ያስጨፈሩ ሥራዎች አወጣ፤ «አንድ ዓይነት ነው» ብሎ የሚወቅሰው የለም፣ የሞታውን ድምፅ ብሎ ያደንቀዋል እንጂ። ሌሊት በሆቴል መድረክ አብረው የሚጫወቱ፣ ቀን አብረው የሚቀርጹ ሰዎች ቤዙ የት እንደሚያርፍ፣ ድራሙ መቼ እንደሚሸሽ ሳይነጋገሩ ያውቃሉ። ሰዓት እላፊው ራሱ አንድ ያልታሰበ ውጤት ነበረው፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ መንቀሳቀስ ስለማይቻል ሆቴሉ የዘለቀ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ከእንዲህ ያለ ልምምድ የሚወጣ ችክችካ በኮምፒውተር ተቆርጦ ከሚለጠፈው ጋር በምንም አይወዳደርም።

ግጥሙስ? «ፍቅር፣ ፍቅር፣ ፍቅር ብቻ» ይባላል። ግጥም ሁሉ በሳንሱር ዓይን በሚያልፍበት ዘመን ስለ ፍቅር መጻፍ የፍርሃት ውጤት ብቻ አልነበረም። ይልማ ገብረአብና አበበ መለሰ በዚያ ዘመን የተነሡ የግጥምና የዜማ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን በጥሞና ያነበበ ሰው የሄደ ፍቅረኛን ጥሪ ከሄደ ወገን ጥሪ ለመለየት ይቸግረዋል። በዚያ ጊዜ ከየቤቱ ሰው ጠፍቷል፤ አንዱ ተገድሏል፣ አንዱ ታስሯል፣ አንዱ በሱዳን በኩል ወጥቷል። «የት ነህ፣ ናልኝ» የሚል ዘፈን ለማን እንደሆነ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ ይህን ናፍቆት የያዘው ስንኝ በሚያስጨፍር ምት ላይ መቀመጡ ነው። ሐዘኑ በቃል፣ ደስታው በእግር። የውጭው የዳንስ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ ቃሉም ምቱም ደስ ይበላችሁ ይላል፤ የእኛው ሁለቱን አለያይቶ ይይዛል። አያትየውና የሃያ ዓመቱ ልጅ በአንድ ዘፈን አብረው የሚነሡት በዚህ ነው፤ አንዱ ቃሉን ይሰማል፣ ሌላው ምቱን፣ ሁለቱም ግን አይጎድልባቸውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ፤ መሸሽም አይገባም። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ አዲስ አበባ እንዴት ይጨፍር ነበር? በኅዳር እንግሊዞቹ፣ በየካቲት አሜሪካኖቹ ስለ እኛ ዘፈኑ፤ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተደረገ። በዓለም ዓይን ኢትዮጵያ የምትዘፈንላት እንጂ የምትዘፍን አገር አልነበረችም። በዚያው በፈረንጆች 1985 ግን፣ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለጉዞ ሄዶ አሜሪካ የቀረው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ የራሱን ካሴት ቀረጸ። ያ ካሴት በኋላ ባሕር ዳር ላይ በአንድ የውጭ አገር ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 ለዓለም ታተመ፤ ኃይሉም በዓለም መድረኮች ላይ ተመልሶ መጫወት ጀመረ። አስቴር አወቀም በዚያው በአሜሪካ ኖራ በ1989 እ.ኤ.አ. በስሟ የሰየመችውን አልበም አውጥታ የአውሮፓንና የአሜሪካን መደብር ገባች። እነዚህ ሥራዎች የረሃቡን ዘመን አይክዱም፤ በዚያው ዘመን ሙያውን ያልጣለ ሕዝብ እንደነበረ ግን ይመሰክራሉ። ሠርግም አልቀረም፣ ክርስትናም አልቀረም፤ ሰው ባዘነበት ዓመት ልጁን መዳሩን አልተወም። ያን ጊዜ የጨፈረውን ሰው ግድ የለሽ ማለት ሕይወቱን አለማወቅ ነው።

አንድ ነገር ለተቃዋሚዎቹ መስጠት ይገባል። ወደ ዘመኑ መጨረሻ አካባቢ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ባንዱ ቀርቶ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ድራሙንም ቤዙንም ሳክስፎኑንም እንዲተካ መደረግ ጀመረ። እዚያ ላይ ችክችካው ደረቀ፤ ማሽኑ ስድስቱን ምት እኩል ስለሚመታ በሁለትና በሦስት መካከል ያለው ጨዋታ ጠፋ። ኃይሉ መርጊያ ድራም ማሽን ሲጠቀም በላዩ ላይ አኮርዲዮኑን እያዘገየና እያፈጠነ ሕይወት ይሰጠው ነበር፤ ብዙዎቹ ተከታዮች ግን ማሽኑን ለብቻው ለቀቁት። ስለዚህ «ኪቦርድ ሙዚቃውን ገደለው» የሚለው ወቀሳ ስለ ኋለኛው ምርት ከሆነ ልክ ነው። ጥፋቱ ግን የመሣሪያው ሳይሆን የስስት ነው፤ ዳዊት ይፍሩ በባንድ መሐል የተጫወተውን ኪቦርድ የሰማ ሰው መሣሪያው ምን ያህል ሊዘፍን እንደሚችል ያውቃል።

ምቱም የአንድ ብሔር ብቻ ንብረት አይደለም። ጉለሌ ስሙን ከኦሮሞ ጎሣ ያገኘ፣ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች የሰፈሩበት፣ ከሰሜኑም ከጉራጌም የመጣው የሚኖርበት ሰፈር ነው። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየከፍተኛው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች የየአካባቢውን ጭፈራ በአንድ መድረክ ማሳየት ሥራቸው ነበር፤ ብዙ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች ከእነዚህ ቡድኖች ወጥተዋል። ስድስቱ ምት በጎንደሬው ትከሻም በጉራጌው እግርም የሚያዝ ስለሆነ በአንድ ዘፈን ላይ የተለያየው ሰው የየራሱን ይዞ ይገባል። በሽሮ ሜዳ የተሸመነውን የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችው ሙሽራ ዙሪያዋን ስትቃኝ አንድ ዘፈን፣ አራት ዓይነት ጭፈራ ታያለች።

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ በቁም ሣጥን ላይ፣ በአሮጌ ቴፕ ጎን የተቀመጡ፣ ይህን ሁሉ ሙዚቃ የያዙ ካሴቶች አሁንም አሉ። የካሴት ክር በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜ አይጠብቅም። ያላችሁ ሰዎች፣ ፀሐይ ከማያገኘው ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ከማጫወታችሁ በፊት ክሩ እንዳልተጣበቀ በእጃችሁ አዙራችሁ እዩ፤ የሚያስገለብጥላችሁ ስታገኙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሁለቱንም ገጽ ሳትቆርጡ አስገልብጡት። የሽፋን ወረቀቱንም አትጣሉ። ድምፁ በኢንተርኔት ላይ ያለ ዘፈን እንኳ ብዙ ጊዜ የዘፋኙን ስም ብቻ ነው የያዘው፤ ድራሙን የመታው፣ ዜማውን የሠራው፣ ግጥሙን የጻፈው ሰው ስም ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ፎቶ አንሡት፣ ከዘፈኑ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።